ከሰል አይደለም ጋሼ፣ ካርቦን ነው

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ኮሎራዶ፣ አውሮራ። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡና ዞሩብኝ። ጋሼ ዴንቨር ላይ ዕድሜያቸውን በታክሲ የፈጁ፣ ጎማ በጫማቸው ጫፍ ነክተው አየሩን የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ለሁለት ባዶ ቸርኬ 1,700 ዶላር ከፈለ አሉኝ።»

«ከፍያለሁ ጋሼ።»

«ከምን የተሠራ ነው?»

«ከካርቦን።»

«ከሰል ነዋ!»

«ከሰል ቡና ያፈላል፤ ይሄኛው ቡና የጠጣውን ይሸከማል።»

ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን እየሳቅኩም ቢሆን የምሬን ነበር፤ እዚህ ላይ የማሰፍረውም የዚያን ቀን ተረብና የእኔን መልስ ነው። ለትሬይል ብስክሌት (በተራራና በድንጋይ መንገድ ለሚጋለበው) ቸርኬ መምረጥ ብዙ ሰው ብሩን የሚያባክንበት ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግኩም። ቸርኬ ስል ኮፐርቶኒው ሲወልቅ የሚቀረውን ሁሉ ማለቴ ነው፦ መሀል ያለውን ሞዞ፣ ሽቦዎቹንና ዙሪያውን ቀለበት። ቃሎቹን ከጣሊያን ተቀብለን ለጎሚስታ ካስረከብናቸው ቆይተናል፤ ለእኔም ይበቁኛል።

ለጋሼ እንዲህ ብዬ አብራራሁላቸው። ካርቦን ሲባል ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ክር ነው። ክሩ በሙጫ ይነከራል፣ እንደ ጨርቅ ይቆረጣል፣ ቁርጥራጩ በሰው እጅ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተደራርቦ በሙቀትና በግፊት ይበስላል። የአሉሚኒየም ቀለበት ደግሞ አንድ ወጥ ዘንግ ሆኖ ይወጣና ይጠቀለላል፣ ጫፍና ጫፉም ይጋጠማል። ውፍረቱ ዙሪያውን በአብዛኛው አንድ ነው። ካርቦኑ ላይ ግን ሠሪው ሽቦ የሚገባበትን ቀዳዳና ድንጋይ የሚመታውን ከንፈር ያወፍራል፣ ሌላውን ያሳሳል። ስለዚህ ቅለቱ የሚመጣው ከማይፈለግበት ቦታ በመቀነስ ነው። ከሚፈለግበትም ቦታ ቀንሰው ቅለት የሚሸጡ አሉ፤ የዚህ ሁሉ ክርክር መነሻ እነሱ ናቸው።

ከጥግ የተቀመጠው እኩያዬ አላስጨረሰኝም። «ቀላል ሰው ቀላል ቸርኬ ይወዳል!»

«ወንድሜ፣ ቀላል ቸርኬ የሚያስፈልገው ለከባድ ሰው ነው። ቀላሉን ሰውማ ነፋሱም ይወስድልሃል።»

«እሺ፣ ዳገቱን ያስበርርልሃል ወይ?»

ይሄንን ጥያቄ ሱቅ ውስጥም ሰምቼዋለሁ፤ እዚያ ግን ጥያቄ ሳይሆን ተስፋ ሆኖ ነበር የመጣው። ሻጩ ቸርኬውን በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ «ዳገቱን ያስበርርሃል» አለኝ። «በስንት ሰከንድ?» አልኩት። ዝም አለ። እሱ ዝም ያለውን እኔ ላስላው።

ጥሩ የአሉሚኒየም የትሬይል ቸርኬ ጥንዱ 2,000 ግራም ያህል ነው እንበል፤ ጥሩው ካርቦን 1,700። ልዩነቱ 300 ግራም ነው። እኔ፣ ብስክሌቱ፣ ውሃውና መፍቻው ተደምረን 100 ኪሎ ብንሆን፣ 300 ግራም ከመቶው 0.3 እጅ ነው። አንድ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ 11 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። አስራ አንድ ሰከንድ! ዳገት ላይ ቆመህ ውሃ ስትጠጣ የምታጠፋው ከዚያ ይበልጣል። በ1,700 ዶላር ዳገት የገዛ ሰው ተበድሏል።

«ታዲያ ለምን ገዛህ?»

«ለዳገቱ አይደለማ፤ ለመታጠፊያው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀለበቱ ላይ ያለ ግራም ሁለት ሥራ አለው፤ ከብስክሌቱ ጋር ወደ ፊት ይሄዳል፣ በራሱም ዙሪያ ይሽከረከራል። ስለዚህ ከዝግታ ተነስተህ ፍጥነት ስታነሳ ቀለበቱ ላይ ያለው አንድ ግራም ፍሬሙ ላይ ያለውን ሁለት ግራም ያህል ይጎትትሃል። ሞዞው ላይ ያለ ግራም ግን መሀል ላይ ስለተቀመጠ አንድ ያህል ነው። እኩል ፍጥነት ይዘህ ስትወጣ ይሄ ሁሉ የለም፤ ግራም ግራም ነው። ትሬይል ላይ ደግሞ እኩል ፍጥነት የሚባል ነገር የለም። ድንጋይ መካከል ትቆማለህ፣ ትረግጣለህ፣ ትታጠፋለህ፣ ፍሬን ትይዛለህ፣ እንደገና ትነሳለህ። በዚያ ሁሉ መነሳት ውስጥ ነው ቀለበቱ የሚታወቀው። ያም ቢሆን ትንሽ ነው፤ ትልቅ ነው ብዬ አልዋሽም። ግን ፊት ጎማህን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ስታሻግር እጅህ ያውቀዋል፣ የሦስት ሰዓት ጉዞ ሲያልቅም ትከሻህ ያውቀዋል።

እኩያዬ ለጥቆ መጣ። «ከሆነማ የመጨረሻውን ቀላል መግዛት ነበረብህ፤ 1,250 ግራም የሚመዝን አይቻለሁ።»

አይቷል፤ አለም። ስዊዘርላንዳዊው ኒኖ ሹርተር ይወዳደርበት ለነበረው ዓይነት ብስክሌት የተሠራው፣ ሽቦው ሳይቀር ካርቦን ሆኖ ከቀለበቱ ጋር አንድ ላይ የበሰለው የሲንክሮስ ሲልቨርተን ኤስኤል፣ በፈረንጆቹ 2018 ሲወጣ ጥንዱ 1,250 ግራም ተብሎ ነበር። ሹርተር 10 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፤ ከኋላውም መካኒክ ነበረው።

«ወንድሜ፣ የሹርተርን ቸርኬ ይሸጡልሃል፤ የሹርተርን እግር ማን ይሸጥልሃል?»

ይሄን ስለው ጎኔ የተቀመጠው ጓደኛዬ አንገቱን ደፋ። እሱ ባለፈው በጋ የውድድር ቸርኬ ገዝቶ፣ ላዩ ላይ ስስ ኮፐርቶኒ አልብሶ ጎልደን ከተማ አጠገብ ያለው አፔክስ ይዞት ሄደ። አፔክስን ያየ ያውቀዋል፤ መንገዱ ድንጋይ፣ ዳሩ ድንጋይ ነው። ሁለተኛው ቁልቁለት ላይ ኮፐርቶኒው እስከ ቀለበቱ ተጨፈለቀ፣ ድንጋዩ ከንፈሩን አገኘው፣ ቀለበቱ ተሰነጠቀ። በእግሩ ነው የወረደው። ያን ቸርኬ ቡፋሎ ክሪክ ይዞት ቢሄድ ኖሮ ዛሬም ይጋልበው ነበር፤ እዚያ መንገዱ የፈራረሰ ግራናይት፣ እንደ ጥራጥሬ የሚንሸራተት አሸዋ ነው፤ የሚፈልገው ብረት ሳይሆን ጥሩ ጥርስ ያለው ጎማ ነው። ቸርኬው አልበደለውም። ለሌላ መሬት የተሠራ ነበር።

አሉሚኒየም እንዲህ ሲመታ ይጎብጣል። በፒንሳ ትመልሰዋለህ፣ እያነከሰም ቢሆን ቤት ያደርስሃል። ጥሩ ካርቦን አሉሚኒየሙን የሚያጎብጠውን ምት ችሎ ቅርጹን ሳይለቅ ይቀራል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን መጉበጥ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ይሰነጠቃል። ይሄንን ሳያውቅ የሚገዛ ሰው አንድ ቀን መንገድ ላይ ይቀራል።

እና አሁን ዋናውን ልበል። ከቸርኬው ላይ ያዳንከውን ግራም ኪስህ አትክተተው፤ ለኮፐርቶኒው ስጠው።

ሒሳቡን ተመልከቱት። ለ29 ኢንች ብስክሌት 2.4 ኢንች የሚሰፋ ስስ ኮፐርቶኒ 800 ግራም ገደማ ይመዝናል። ጎኑ የተደረበው ጠንካራው 1,100 ግራምና ከዚያ በላይ ነው። የአንዱ ኮፐርቶኒ ልዩነት ብቻ 300 ግራም፤ ካርቦኑ ከጥንዱ ላይ ያተረፈልኝ በሙሉ! ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፦ ካርቦን ይገዛል፣ ቅለቱ ያስጎመጀዋል፣ ኮፐርቶኒውንም ያሳሳል። እንግዲህ ውድ ቀለበት ከድንጋይ የሚለየው አንድ ስስ ላስቲክ ሆነ። እኔ ኋላ ላይ ጠንካራውን ኮፐርቶኒ አለበስኩት። ሚዛን ላይ ብስክሌቴ ከድሮው አልቀለለም። ድሮ ፈርቼ የማልፈውን ድንጋይ ግን አሁን መስመሬን ይዤ አልፈዋለሁ፣ ክብደቱ ሳይጨምር። 1,700 ዶላሩ የገዛልኝ ይሄንን ነው፤ እንደገና ብጠየቅም እከፍላለሁ።

ጋሼ ጣልቃ ገቡ፤ በሙያቸው ነው የመጣሁባቸው። «ካመላዳሪያውስ?»

«አወጣሁት።»

«አየሩን ምን ይይዘዋል?»

«ውስጡ የሚፈስ ፈሳሽ አለ ጋሼ፤ እሾህ ሲገባ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል።»

«ጎሚስታውን ከሥራ አወጣኸዋ!»

«አልወጣም ጋሼ፤ ከነማጣበቂያው ጎማው ውስጥ ገባ።»

ካመላዳሪያ ለ29 ኢንች 200 ግራም ያህል ነው፤ ሁለቱ 400። ፈሳሹ ለአንዱ ጎማ 100 ግራም ቢሆን 200 ይመልሳል። ትርፉ 200 ግራም፣ እሱም ከዳር ላይ፣ ዋጋው ከ100 ዶላር በታች። ካርቦን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካመላዳሪያው ገና ውስጥ ካለ ከዚያ ይጀምር። ከዚያ በኋላ አየሩን መቀነስም ይችላል። እኔ ፊት 22፣ ኋላ 25 ፒኤስአይ እሞላለሁ፤ ካመላዳሪያ ቢኖር በዚህ አየር በየድንጋዩ በተቀደደ።

ስፋቱን በአጭሩ። የቀለበቱ የውስጥ ስፋት 30 ሚሊሜትር ቢሆን ለ2.4 እና ለ2.5 ኮፐርቶኒ ልክ ነው። ጠባብ ቀለበት ላይ ሰፊ ጎማ እንደ አምፖል ይነፋና መታጠፊያ ላይ ይንጋደዳል። ማያያዣዎቹን ደግሞ ከመግዛትህ በፊት ፍሬምህ ላይ አንብባቸው፤ የአሁኖቹ የትሬይል ብስክሌቶች አብዛኞቹ ፊት 110፣ ኋላ 148 ሚሊሜትር ናቸው፣ የማርሹ መቀመጫም እንደ ሠሪው ይለያያል። ይሄ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ ወይ ይገጥማል ወይ አይገጥምም።

እማማ ቡናውን እየቀዱ ነበር፤ የሚሰሙ አልመሰለኝም። «ያ ሳይክልህ በረንዳው ላይ ስትገፋው የሚንጣጣው ምኑ ነው?»

«ሞዞው ነው እማማ። ስረግጠው ዝም ይላል፣ ሳርፍ ይጮሃል።»

«ከሰው ይሻላል። ሰው እየሠራም ይጮሃል።»

እማማን የሚመልስ ተረበኛ አልተወለደም። ጩኸቱ ግን ትርጉም አለው። ሞዞው ውስጥ ጥርሶች አሉ፤ ፔዳሉን ስትረግጥ እስኪነክሱ ድረስ እግርህ ባዶውን ይሄዳል። 36 ጥርስ ያለው የዲቲ ስዊስ ሞዞ በየ10 ዲግሪው ይነክሳል። ፊት ባለ 32 ጥርስ፣ ኋላ ባለ 51 ጥርስ ማርሽ ላይ ሆነህ ዳገት ስትወጣ፣ እግርህ እስከ 4.7 ሴንቲሜትር ድረስ ምንም ሳይጎትት ሊሄድ ይችላል። ጥርሱ 54 ሲሆን ይሄ ወደ 3 ሴንቲሜትር ይወርዳል። የኢንዱስትሪ ናይን ሃይድራ በአንድ ዙር 690 ጊዜ ይነክሳል፤ እዚያ ላይ ባዶው ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ብቻ ነው። ድንጋይ መካከል ሚዛንህን ጠብቀህ በግማሽ እርግጫ ለምትወጣ ሰው እነዚያ ሴንቲሜትሮች ከ300 ግራሙ ይበልጣሉ። ብዙ ገዢ የሞዞውን ዓይነት ሳይጠይቅ ቀለበቱን ብቻ ይመዝናል። ይሄ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ቀለበት ቢሰበር ይቀየራል፣ በየጉዞው የሚያገለግልህ ወይም የሚያስለቅስህ ግን ሞዞው ነው። ኩሽኔታውም እዚያው ነው ያለው።

ሽቦውን ከቀለበቱ የሚያስሩት ትንንሽ ጫፎችም አሉ። ከአሉሚኒየም ቢሆኑ ጥንዱ ላይ 40 ግራም ያህል ይቀንሳሉ። እኔ ናሱን አልኩ። አሉሚኒየም ካርቦን ነክቶ እርጥበት ሲያገኘው ይበላል፤ አንድ ቀን ሽቦ ላስተካክል ብለህ ስታዞረው እጅህ ላይ ይፈረፈራል። ለ40 ግራም ብዬ ያን አልገዛም።

እኩያዬ አዲስ ነገር አገኘ። «ካርቦን ፍሬን ሲይዙት ይቀልጣል አሉ።»

«ፍሬኑ ቀለበቱን ሲጨምቅ ነው ወንድሜ። የእኔ ዲስክ ነው፤ ሙቀቱ ሌላ ቤት ነው ያለው።»

ወሬው ከአስፋልት ብስክሌት የመጣ ነው። የድሮው የቀለበት ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ ካርቦኑን አግሎ ሙጫውን ያላላው ነበር። ትሬይል ላይ ያ ጣጣ የለም። የተራራ ብስክሌት ግን ሲወለድም ከሙቀት ጋር ተጣልቶ ነው የተወለደው። በፈረንጆቹ 1976 ካሊፎርኒያ፣ ማሪን አውራጃ ውስጥ ጌሪ ፊሸር፣ ቻርሊ ኬሊና ጆ ብሪዝን የመሳሰሉ ወጣቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩ ከባድ ብስክሌቶች ቁልቁለት ይወዳደሩ ጀመር። ፍሬኑ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ፣ ሞዞው ውስጥ የተቀመጠ ነበር። ታች ሲደርሱ ግሪሱ ጨሶ ያልቃል፤ ሞዞውን ፈትተው እንደገና ግሪስ ይሞሉታል። ውድድሩም «ሪፓክ» የተባለው በዚህ ነው፤ እንደገና መሙላት። ቸርኬያቸው ደግሞ ብረት ነበር። እነሱ በዚያ ቸርኬ ያንን ቁልቁለት ከወረዱ፣ እኔ በዛሬው ቸርኬ የምፈራበት ምክንያት የለኝም።

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ ሐበሻና ሳይክል ምን አገናኘው?»

«ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጎን ማን ነበር? ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ፣ በብስክሌት። በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበውስ ኢትዮጵያዊ? ፅጋቡ ግርማይ። የገባንበትን በር ረስተህ አታንኳኳ።»

ጋሼ እዚህ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ገረመው እሳቸው ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

እኩያዬ ግን አላበቃም። «ያው ቻይና አይደል የሚሠራው? ስም የሌለውን በግማሽ ዋጋ ለምን አልገዛህም?»

ይሄንን ጥያቄ አከብረዋለሁ። ብዙ ስመ ጥር ቀለበት ቻይና፣ ዢያመን ውስጥ ይሠራል፤ እዚያ ያለው እጅ ሥራውን የሚያውቅ እጅ ነው። ዩታ ኦግደን ውስጥ የሚሠራው ኤንቪም፣ ካናዳ ካምሉፕስ ውስጥ የሚሠራው ዊ አር ዋንም ያንኑ ክርና ያንኑ ሙጫ ነው የሚደራርቡት።

«እኔ የምገዛው አገር አይደለም ወንድሜ፤ አድራሻ ነው። ሲሰነጠቅ የማንኳኳው በር የት ነው?»

ካርቦን ከገዛህ ዋስትናውን ከክብደቱ በፊት አንብብ። «የዕድሜ ልክ» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም። አንዳንዱ የሚሸፍነው የፋብሪካ ጉድለት ብቻ ነው፤ ድንጋይ ላይ እየጋለብክ ስትሰብረው የሚቀይርልህ ሌላው ነው። ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ የሚሠራም አለ፤ ስለዚህ ከሰው እጅ በርካሽ ያገኘኸው ቸርኬ ዋስትናው ከሻጩ ጋር ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ጎኔ የተቀመጠው ጓደኛዬ የደረሰበት ይሄ ነው። ያንን የውድድር ቸርኬ የገዛው ከሁለተኛ እጅ ነበር፤ በሩን ሲያንኳኳ የከፈተለት የለም።

«በየወሩ እየተከፈለ ይገኛል አሉ፤ እኔም ልግባበት?» አለ ያው ጓደኛዬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር! አትግባበት።» ቆጣ ብዬ ነው ያልኩት። አሉሚኒየም ቸርኬ 30 ሚሊሜትር ስፋት፣ ደህና ሞዞ ያለው፣ ከካርቦኑ ዋጋ በግማሽና ከዚያም ባነሰ ይገኛል። ካመላዳሪያውን አውጥቶ፣ ጠንካራ ኮፐርቶኒ አልብሶ፣ አየሩን ለክቶ የሚሄድ ሰው አፔክስን ያልፈዋል። ካርቦን የሚገባው ለዚያ ሰው ነው፤ ያንን ሁሉ አድርጎ ለጨረሰና አሁን ጠንካራ ኮፐርቶኒ ሳይከብደው መሸከም ለሚፈልግ። እኔ በሁለት ዓመት አጠራቅሜ ነው የገዛሁት፤ ጥንዱ 1,700 ግራም፣ በየቸርኬው 28 ሽቦ፣ 54 ጥርስ ሞዞ፣ ስጋልብ ብሰብረው ዕድሜ ልክ የሚቀየርልኝ። 1,400 ግራም የሚመዝን አጠገቡ ተሰቅሎ ነበር፤ ዓይኔ ሄዶበታል፣ እጄ ግን አልሄደም።

በረካ ሲመጣ ጋሼ ተነሱና በረንዳው ላይ ወጡ። ፊተኛውን ጎማ አንስተው አሽከረከሩት። ቀለበቱን በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉት፣ ኮፐርቶኒውን በአውራ ጣታቸው ተጭነው አየሩን ነገሩኝ፤ በአንድ ፒኤስአይ ብቻ ሳቱ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ቸርኬው የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው አልክ።»

«አለው ጋሼ።»

«አንተስ?»

«እኔም አለኝ። ፍሬን ይባላል።»